ስልኩን ማን ይይዛል? በሩንስ ማን ይከፍታል?

ነርስን በስልክ ቤት ድረስ ስለ መጥራት በክሊኒካችን የመጠበቂያ ክፍል ለተገልጋዮች የተደረገ ንግግር

 

በዚህ ክፍል ጠዋት ጠዋት የምንነጋገረው ስለ እንክብል፣ ስለ መርፌ፣ ስለ ሉፕና ስለ ጡት ማጥባት እንደሆነ ታውቃላችሁ። የዛሬው ርዕሴ ግን ስለ ስልክ ነው። ስልክና የቤተሰብ ምጣኔ ምን አገናኛቸው ትሉ ይሆናል። እስቲ ታገሡኝና ላስረዳ።

ማኅበራችን አንድ ሐሳብ ይዟል። አንዲት እናት ቤቷ ሆና፣ በእጅ ስልኳ፣ ነርስ ወይም አዋላጅ ነርስ ቤቷ ድረስ እንድትመጣላት ቀጠሮ የምትይዝበት ፕሮግራም ለማሠራት አስቧል። ይህን ዓይነቱን ፕሮግራም ልጆቻችሁ አፕ ይሉታል። አፕ ማለት በዘመናዊ ስልክ ላይ የሚጫን፣ ለአንድ ለተለየ ሥራ የተዘጋጀ ፕሮግራም ነው። ታክሲ በስልካቸው የሚጠሩ ወጣቶችን አይታችኋል፤ በቴሌብር ገንዘብ የምትልኩና የምትቀበሉም አላችሁ። ይኸኛውም የዚያው ዘመድ ነው። በዚህኛው የምትመጣው ቦርሳዋን ያንጠለጠለች ነርስ ናት።

አፑ ገና አልተሠራም፤ በንድፍ ላይ ነው ያለው። የሚሠሩት ወጣቶች ወደ እኛ መጥተው፣ "እናንተ ሥራውን ታውቁታላችሁና ምን ምን ይኑረው?" ብለው ጠየቁን። እኔም፣ "ሥራውን እኛ እናውቀዋለን፤ ቤቱን የሚያውቁት ግን የቤቱ ባለቤቶች ናቸው" አልኳቸው። አናጢ ግድግዳውን ከማቆሙ በፊት በሩ በየት በኩል ይሁን ብሎ ባለቤቱን ይጠይቃል። ግድግዳው ከቆመ በኋላ በር ማዞር ብዙ ወጪና ብዙ ጣጣ አለው። ዛሬ በፊታችሁ የቆምኩት ግድግዳው ሳይቆም ልጠይቃችሁ ነው።

ቤት ድረስ መሄድ ለምን አስፈለገ?

ይህን ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ከወለደች ሳምንት ያልሞላት እናት ጨቅላዋን አቅፋ፣ በሚኒባስ ተጋፍታ እዚህ ለመድረስ ምን ያህል እንደምትደክም ታውቃላችሁ። በቀን ሥራ የምትተዳደር እኅት ለአንድ መርፌ ብላ ግማሽ ቀን ወረፋ ስትጠብቅ የዕለት ገቢዋን ታጣለች። ልጆቿን የሚይዝላት ያጣች አለች፤ መራመድ የሚያስቸግራት አለች፤ በሽተኛ የምታስታምም አለች። ለእነዚህ ሁሉ ነርሷ ብትሄድላቸው ሸክሙ ይቀልላቸዋል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያ፣ እናትና ሕፃን ከወሊድ በኋላ ባሉት የመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ከሚደረግላቸው ክትትል ሌላ ቢያንስ ሦስት ጊዜ እንዲታዩ ይመክራል። የመጀመሪያው ከ48 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ሁለተኛው ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን፣ ሦስተኛው በ6ኛው ሳምንት ነው። በእኛ አገር ልማድ ደግሞ አራስ በእነዚያ የመጀመሪያ ሳምንታት ከቤት አትወጣም፤ ገንፎዋንና አጥሚቷን እየጠጣች ቤት ትታረሳለች። እንግዲህ መመሪያው "ትታይ" የሚልበት ጊዜና ልማዳችን "አትውጣ" የሚልበት ጊዜ አንድ ላይ ይወድቃሉ። መፍትሔው ነርሷን ወደ አራሷ መላክ ነው።

ቤት ለቤት መሄድ ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2003 ከተጀመረ ወዲህ፣ በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች እየተመደቡ ቤት ለቤት ሲያስተምሩ ቆይተዋል። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮም በከተሞች ነርሶች ለዚሁ ሥራ እየሠለጠኑ ተሰማርተዋል። በአሁኑ ሐሳብ አዲስ የሚሆነው፣ ጠሪዋም ሰዓት መራጯም ባለጉዳይዋ ራሷ መሆኗ ነው።

ወጣቶቹ ንድፋቸውን በወረቀት ሥለው አሳዩኝ። ስም ይጻፋል፤ የስልክ ቁጥር ይጻፋል፤ የተፈለገው አገልግሎት በሥዕል ይመረጣል፤ ቀኑ ይመረጣል። ከዚያ "ቀጠሮዎ ተይዟል" ይላል። በዋዜማውም የማስታወሻ መልእክት ይልካል። ጠቅላላ ሥራው ጥቂት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ያንን የማስታወሻ መልእክት ሳይ ግን ልቤ ደነገጠ። አንድ የራሴ ስሕተት ትዝ አለኝ።

የራሴ ስሕተት

ከጥቂት ዓመታት በፊት በሌላ ክሊኒክ እሠራ ነበር። የሦስት ወር መርፌ የሚወስዱ እናቶች ቀናቸውን እየረሱ ሲቀሩ ሳይ፣ ማንም ሳያዘኝ የስልክ ቁጥራቸውን በደብተር መዝግቤ በዋዜማው መልእክት መላክ ጀመርኩ። መልእክቱ "የወሊድ መከላከያ መርፌ ቀጠሮዎ ነገ ነው" የሚል ነበር። ብዙዎች አመሰገኑኝ። የሚቀሩትም ቁጥራቸው ቀነሰ። ትልቅ ቁም ነገር የሠራሁ መሰለኝ።

አንዲት የአራት ልጆች እናት ግን በቀጠሮዋ ቀን አልመጣችም። በሚቀጥለውም ሳምንት አልመጣችም። ብደውል ስልኩ ዝግ ነው። ከብዙ ወራት በኋላ መጣች፤ የመጣችው ግን ለእርግዝና ክትትል ነው። "ምነው ጠፋሽ?" ስላት አንገቷን ደፍታ ነገረችኝ። ቁጥሩ የእሷ ቢሆንም ስልኩ ማታ ማታ የሚቀመጠው በባለቤቷ ትራስጌ ነበር። መልእክቱን ያነበበው እሱ ነው። መርፌውን እንደምትወስድ ከዚያ በፊት አያውቅም ነበር።

"ከዚያ በኋላ የሆነውን አልነግርሽም፣ ሲስተር" አለችኝ። "ብቻ ስልኩንም ወሰደብኝ።"

ያሰብኩት ልረዳት ነበር። ገበናዋን የገለጥኩት ግን እኔው ነኝ። ክፋት ስላልነበረኝ ጉዳቱ አልቀረላትም። "ስልክሽን ከአንቺ ሌላ ማን ያየዋል?" ብዬ አንዲት ጥያቄ ብጠይቃት ኖሮ ያ ሁሉ ባልደረሰባት ነበር።

እኔ ያንን የሠራሁት በእጄ፣ አንድ በአንድ እየጻፍኩ ነው። አፕ ግን በአንድ ሌሊት ለሺህ ሰው ይልካል። እኔ በአንዲት እናት ላይ ያደረስኩትን በስንቷ ላይ ያደርሰው ይሆን? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ የዚህ ዓይነቱ ነገር ግን ከፈሰሰ በኋላ አይለቀምም። ስለዚህ ለወጣቶቹ ከሁሉ በፊት መልስ የሚፈልጉ ሁለት ጥያቄዎች ሰጠኋቸው። ስልኩን ማን ይይዛል? በሩንስ ማን ይከፍታል?

ስልኩን ማን ይይዛል?

እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ የእጅ ስልክ ያላቸው ወንዶች ከሴቶቹ በእጅጉ የበለጡ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ስልክ በዝቷል። ሆኖም ቤታችሁን ተመልከቱ። ልጁ ጨዋታ የሚጫወትበት፣ ባለቤት የራሱ ባትሪ ሲያልቅ የሚደውልበት፣ እንግዳ የሚዋሰው ስልክ ስንት ቤት አለ? ስልክ በእኛ ቤት ብዙውን ጊዜ እንደ ጀበና የጋራ ዕቃ ነው።

ስለዚህ አፑ ከሁሉ አስቀድሞ "ይህ ስልክ የግልዎ ነው ወይስ የጋራ?" ብሎ ይጠይቅ። የጋራ ነው ያለችውን እናት የሚያስተናግድበት መንገድ የተለየ ይሁን። የማስታወሻ መልእክት ይላክልኝ ካላለች አይላክላት። ይላክልኝ ካለችም ቃሉን ራሷ ትምረጥ። "ነገ እመጣለሁ" የሚል አጭር ቃል ይበቃታል። መርፌ፣ እንክብል፣ የማኅበራችን ስም፣ የክሊኒካችን ስም በመልእክቱ ላይ መታየት የለባቸውም።

ወጣቶቹ በአፑ ፊት ላይ እናት ልጇን ያቀፈችበትን ሥዕል አድርገው ነበር። ሥዕሉ ያማረ ነው፤ ነገር ግን ስልኩን ያነሳ ሁሉ ያየዋል። ምንም የማይናገር ምልክትና ስም ይሰጠው፣ ሲከፈትም የምሥጢር ቁጥር ይጠይቅ አልኳቸው።

ነርሷ ስትደውልስ? ሌላ ሰው ቢያነሳ ምን ትበል? ይህንንም ባለጉዳይዋ አስቀድማ ትወስን። በስንት ሰዓት እንደሚደወልላት፣ ሌላ ሰው ካነሳ ነርሷ ስልኩን ትዝጋ ወይስ "ቆይቼ እደውላለሁ" ትበል የሚለውን ራሷ ትምረጥ።

ክፍያም አለ። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ብዙ ነገር አቅልሎልናል። ሆኖም ገንዘብ ሲከፈል ለማን እንደተከፈለ የሚገልጽ መልእክት ስልኩ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ለነርሷ በእጅ መክፈልም መፈቀድ አለበት።

አባቶች፣ ይህን ስል ቅር እንዳይላችሁ። ሚስቶቻችሁ ከእናንተ ተደብቀው እንዲኖሩ መምከሬ አይደለም። ባልና ሚስት ተመካክረው፣ አብረው መጥተው የመረጡት ዘዴ ለመቀጠልም ለመስማማትም ይመቻል፤ እናንተም ዛሬ እዚህ መገኘታችሁ ለዚህ ምስክር ነው። ነገር ግን ለባሏ መቼና እንዴት እንደምትነግር የምትወስነው ሚስት ናት። ስልክ ቀድሟት ሊነግርባት አይገባም።

በሩን ማን ይከፍታል?

ሁለተኛው ጥያቄ ከስልኩ ወደ ቤቱ ያደርሰናል። በከተማችን የምንኖረው በአንድ ግቢ ተጠጋግተን ወይም በኮንዶሚኒየም በር ለበር ተያይተን ነው። ነጭ ጋዋን የለበሰች፣ በደረቷ ላይ የማኅበር ስም የለጠፈች ነርስ ደረጃውን ስትወጣ ፎቁ ሁሉ "ማን ታመመ?" ይላል። ጥያቄው ከደግነት የመጣ ነው፤ ጎረቤት ቡና ይዞ ሊጠይቅ ይመጣል። ያን ጊዜ ምን ይባላል? ስለዚህ ነርሷ እንደማንኛውም እንግዳ ለብሳ፣ ተራ ቦርሳ ይዛ ትሂድ። መታወቂያዋን ለባለጉዳይዋ ብቻ ታሳይ።

አድራሻም ራሱን የቻለ ችግር ነው። አፑ "የቤት ቁጥርና የመንገድ ስም ያስገቡ" ይላል። የእኛ አድራሻ ግን ከወፍጮ ቤቱ ገባ ብሎ፣ ከሰማያዊው በር አጠገብ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ነው። ነርሷ ቤቱ ቢጠፋባት የሰፈሩን ባለሱቅ "የእገሊት ቤት የት ነው?" ብላ መጠየቋ አይቀርም። ባለሱቅ ከጠየቀች ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ሰማ ማለት ነው። ከዚህ ይልቅ ባለጉዳይዋ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን አንድ ቦታ ትምረጥ፤ እዚያ ወጥታ ነርሷን እንደ ዘመድ እንግዳ ተቀብላ ይዛት ትግባ።

ከገቡ በኋላስ? አንድ ክፍል ቤት ውስጥ አማት ተቀምጠዋል፤ ልጆች ይጫወታሉ፤ እንግዳ መጣ ተብሎ ቡና ይፈላል። አማት ክብር የሚገባቸው እናት ናቸው፤ ግን እሳቸው ፊት "የወር አበባሽ መቼ መጣ? ሌላ ልጅ ትፈልጊያለሽ?" ብሎ መጠየቅ ይቻላል? ባለጉዳይዋ የምትመልሰው እሳቸው ደስ የሚላቸውን ነው። ስለዚህ አፑ "በዚያ ሰዓት ቤት ውስጥ ማን አለ? በሩ የሚዘጋ ክፍል አለ?" ብሎ ይጠይቅ። የለም ካለች የእኅቷን ቤት፣ የምታምናትን ጎረቤት ቤት፣ ወይም ክሊኒካችንን ወረፋ በሌለበት ሰዓት እንድትመርጥ መንገድ ይስጣት።

አንድ ነገር ልጨምር። ባልታሰበ ሰዓት ባለቤት ከሥራ ሊመለስ፣ እንግዳ ሊመጣ ይችላል። ነርሷ መንገድ ላይ ብትሆንም እንኳ ባለጉዳይዋ አንድ ጊዜ ተጭና ቀጠሮውን መሰረዝ ትቻል። ለምን ሰረዝሽ ተብላ አትጠየቅ፤ ቅጣትም አትክፈል። የነርሷ የታክሲ ሒሳብ የእኛ ኪሳራ ይሁን።

ቤት የሚሠራውና የማይሠራው

አፑ ላይ ሥዕሉ ስላለ ብቻ ሁሉም ነገር ቤት ውስጥ ይሠራል ማለት አይደለም። ምክር መስጠት፣ የደም ግፊት መለካት፣ ኮንዶምና እንክብል ማድረስ፣ የሦስት ወር መርፌ መውጋት፣ አራስንና ሕፃንን ማየት ቤት ውስጥ ይቻላል። በ2016ቱ ጥናት ከ100 ያገቡ ሴቶች 23ቱ የሚጠቀሙት መርፌን ስለነበር፣ የቤት ቀጠሮም በብዛት ለመርፌ እንደሚሆን እገምታለሁ።

እንክብልንም ቢሆን ሳይጠይቁና ሳይለኩ መስጠት አይገባም። ሁለት ዓይነት ንጥረ ነገር ያለበት የተለመደው እንክብል የደም ግፊቷ 140/90 ወይም ከዚያ በላይ ለሆነ ሴት አይመከርም። ጡት ለምታጠባ እናትም ልጇ 6 ወር እስኪሞላው ድረስ አይመከርም፤ ለእሷ የሚስማማ ሌላ ዓይነት እንክብል አለ። ስለዚህ አፑ እንክብልን እንደ ሱቅ ዕቃ በሥዕል ማስመረጥ ብቻ የለበትም፤ መጀመሪያ ነርሷ ታነጋግራት።

በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረውን ማስገባትና ማውጣት፣ ሉፕ ማስገባትና ማውጣት ግን ክሊኒክ የሚጠይቁ ሥራዎች ናቸው። በቂ ብርሃን፣ የተቀቀለ መሣሪያ፣ የመመርመሪያ አልጋ፣ ደም ቢበዛ አጠገብ ያለ ረዳት ያስፈልጋል። ማሕፀን የማስቋጠር ሥራማ ቀዶ ሕክምና ነው። አፑ ለእነዚህ ቤት ድረስ ብሎ ቃል እንዳይገባ፣ የክሊኒክ ቀጠሮ ብቻ እንዲይዝ ነግሬያቸዋለሁ።

ቀጠሮ የማይጠብቁ ነገሮች

ከዚህ ሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ አንዲት ነፍሰ ጡር ደም እየፈሰሳት ስልኳን አንስታ፣ አፑ "ያለን ክፍት ቀን ሐሙስ ነው" የሚላት እንዳይሆን ነው።

ነፍሰ ጡር ወይም አራስ ሆና ደም የሚፈሳት፣ ብርቱ ራስ ምታት ይዟት ዓይኗ የሚደበዝዝ፣ የሚያንቀጠቅጣት፣ ብርቱ ትኩሳት ያላት፣ ምጥ ሳይመጣ የሽርት ውኃ የሚፈሳት፣ የልጇ እንቅስቃሴ የቀነሰባት ወይም የቆመባት እናት ቀጠሮ አትጠብቅ። ጡት አልጠባ ያለ፣ የሚያተኩሰው ወይም ሰውነቱ የቀዘቀዘ፣ ትንፋሹ የፈጠነ ጨቅላም እንደዚሁ ነው። ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው። ቁጥሩን ዛሬውኑ በቃላችሁ ያዙት። አፑም እነዚህን ምልክቶች በመጀመሪያው ገጽ ጠይቆ፣ አንዱ ካለ የቀጠሮውን ገጽ ዘግቶ ይህን ቁጥር ያውጣ።

በተለምዶ ፖስት ፒል የሚባለው ድንገተኛ መከላከያም ቀጠሮ አይጠብቅም። እስከ 5 ቀን ድረስ መውሰድ ቢቻልም በቶሎ በተወሰደ መጠን የተሻለ ይሠራል። ለዚህ ነርስ ከነገ ወዲያ ትመጣለች ማለት ጉዳት ነው። አፑ በአቅራቢያዋ ያለውን መድኃኒት ቤት ወይም ክሊኒክ ያሳያት። ተገዳ የተደፈረች ከሆነች ደግሞ ሌላም አስቸኳይ ሕክምና ስለሚያስፈልጋት ሳትዘገይ ወደ ሆስፒታል ትሂድ።

ሰዓታችንና ቀናችን

ወጣቶቹ ያሳዩኝ ንድፍ የቀጠሮውን ሰዓት "9:00" ይላል። ጠዋት 3 ሰዓት ማለታቸው ነው። እናንተ ብታነብቡት ግን ከቀትር በኋላ 9 ሰዓት ነው የምትሉት። ነርሷ ጠዋት ትመጣለች፤ ባለጉዳይዋ ገበያ ሄዳለች፤ በሩን የሚከፍተው ሌላ ሰው ነው። በስድስት ሰዓት ልዩነት የተነሳ ምሥጢር ወጣ ማለት ነው። ስለዚህ "ጠዋት 3 ሰዓት"፣ "ከቀትር በኋላ 9 ሰዓት" ተብሎ በፊደል ይጻፍ።

ቀኑም በእኛው አቆጣጠር ይሁን። ብዙዎቻችሁ የወር አበባችሁ የመጣበትን ቀን ስጠይቃችሁ "የሚካኤል ዕለት"፣ "ከማርያም ማግስት" ትሉኛላችሁ፤ እኔም 12 ወይም 22 ብዬ እጽፋለሁ። አፑም ይህን የሚያውቅ ቢሆን ደስ ይለኛል።

ጳጉሜንም አለች። የሦስት ወር መርፌ የሚቆጠረው በ13 ሳምንት፣ ማለትም በ91 ቀን ነው። ሐምሌ 12 የተወጋች እናት በወር ስም ብትቆጥር ጥቅምት 12 ትላለች፤ ጳጉሜን 5 ቀን በሆነችበት ዓመት ግን 91ኛው ቀን የሚውለው ጥቅምት 8 ነው። አትደንግጡ፤ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ መርፌው እስከ 4 ሳምንት ቢዘገይም መወጋት እንደሚቻል ይገልጻል። ሆኖም አራት ቀን ከጳጉሜን፣ ሳምንት ከበዓል፣ ሌላ ሳምንት ከመንገድ እያለ ሲደማመር ያ ጊዜ ያልቃል። ቀን መቁጠሩን ለአፑ እንተወው፤ በትክክል እንዲቆጥር ግን ጳጉሜንን እናስተምረው።

ዘመናዊ ስልክ የሌላትስ?

በዚህ ክፍል ውስጥ ባለ ቁልፍ ስልክ የያዛችሁ ጥቂት አይደላችሁም። ኢንተርኔት ለመክፈል የሚቸገሩ፣ ማንበብ የማይችሉ እናቶችም አሉ። አገልግሎቱ ለዘመናዊ ስልክ ባለቤቶች ብቻ ከሆነ፣ በጣም የሚያስፈልጋቸው ሰዎች ውጭ ቀሩ ማለት ነው። ስለዚህ በተራ ስልክ ደውሎ ከሰው ጋር ተነጋግሮ ቀጠሮ መያዝ ይቻል፤ እዚህ ካርድ ክፍል ሆኖም መያዝ ይቻል። በአፑም ላይ ከጽሑፉ ሌላ በድምፅ የሚናገር፣ በአማርኛና በኦሮምኛም የሚያዋይ ቢሆን መልካም ነው።

መዝገቡ የት ይቀመጣል?

ካርዳችሁ በክሊኒካችን ተቆልፎ ይቀመጣል። አፑ ላይ የተጻፈውስ? በአገራችን የግል መረጃን ለመጠበቅ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ስለ ጤና የተያዘ መረጃም ከፍ ያለ ጥንቃቄ የሚፈልግ ነው። እኔ ለወጣቶቹ ያልኳቸው ቀላል ነገር ነው። የማያስፈልገውን አትጠይቁ። ነርስ ለመጥራት የአባት ስም፣ ሃይማኖት፣ የትዳር ሁኔታ ምን ያደርጋል? ያልተጻፈ ምሥጢር አይሰረቅም። የተጻፈውንም ከጎበኘቻት ነርስና ከኃላፊዋ በስተቀር ማንም አይየው። ባለጉዳይዋ አፑን ከስልኳ ስታጠፋ በስልኩ ውስጥ ምንም አይቅር።

ስለ ነርሷም አንድ ቃል ልበል። የማታውቀው ቤት ብቻዋን የምትገባ ሴት ናት። ስትገባና ስትወጣ ለክሊኒኩ የምታሳውቅበት መንገድ ይኑር፤ ከመሸ በኋላ ብቻዋን አትላክ። የምትፈራ ነርስ ተረጋግታ ልታማክራችሁ አትችልም።

የእናንተ ድርሻ

አሁን ተራው የእናንተ ነው። ወጣቶቹ በሚቀጥለው ወር ንድፋቸውን አስተካክለው ይመለሳሉ። ከዚያ በፊት እነዚህን አምስት ጥያቄዎች እንድትመልሱልኝ እለምናችኋለሁ። ስልካችሁን ከእናንተ ሌላ ማን ያየዋል? መልእክት ቢመጣላችሁ ምን የሚል ቃል ይመቻችኋል? ነርስ ቤታችሁ ብትመጣ የሚሻላችሁ ቀንና ሰዓት የቱ ነው? ቤት ካልተመቸ የት መገናኘት ትመርጣላችሁ? በዚህ አፕ የተነሳ ምን ይደርስብኛል ብላችሁ ትፈራላችሁ?

መልሳችሁን ስማችሁን ሳትጽፉ በወረቀት አድርጋችሁ በካርድ ክፍሉ በር ላይ ባለው የአስተያየት ሣጥን ክተቱት። መጻፍ የማትችሉ ደግሞ ለምርመራ ስትገቡ ለእኔ በቃል ንገሩኝ፤ እኔ እጽፋለሁ። አምስተኛውን ጥያቄ አትዝለሉብኝ። የምትፈሩትን ካልነገራችሁን ልንጠብቃችሁ አንችልም።

ያቺ የነገርኳችሁ እናት አምስተኛ ልጇን በሰላም ተገላገለች። ከወለደች በኋላም መጥታ የሚስማማትን ዘዴ መርጣ ወሰደች። ያን ዕለት ቀጠሮዋን እንዴት ላስታውስሽ ብዬ ጠየቅኋት። ፈገግ ብላ፣ "አንቺ አታስታውሺኝ፣ ሲስተር፤ እኔ ራሴ እመጣለሁ" አለችኝ። መጣችም። ለእሷ የሚሻላት መንገድ ያ ነበር፤ ያወቅሁትም ስለጠየቅኋት ነው።